የሠላሳ አንደኛዋ አባት

ማንደፍሮን አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ሌላውን እንደ ወረደ ልጻፈው። ፊት ለፊት ስናወራ አንድም ቀን «አንተ» ብዬው አላውቅም፤ ዛሬ ግን እሱ ያኔ በነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁና አንቱታውን ትቼ እጽፋለሁ። ቢሰማኝ «ምን አስበህ ነው የተውከው?» ማለቱ አይቀርም።

በ1968 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ስገባ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስሜ ደሞዝ ነው፤ ሥራዬ ሣር ማዳቀል። ሁለት ዘመዳም ሣሮችን አጋብቶ በሽታ የማይነካው የከብት መኖ ማውጣት ማለት ነው። ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል። ያኔ ግን ሰው የሚጠረጥርበት እንጂ ፈገግ የሚልበት ዘመን አልነበረም። ሣር ዝናብ የሚያበቅለው ነገር ነው፤ መንግሥት ደመወዝ ቆርጦ ሰው የላከው ለሌላ ጉዳይ ቢሆን ነው ይባል ነበር። ገበሬው የደርግ ጆሮ ነው ብሎ ይጠረጥረኛል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሹሞች ደግሞ የተራራዎቹ ሸማቂዎች ጆሮ ነው ብለው ይጠረጥሩኛል። እኔም በበኩሌ ሁሉንም እጠረጥር ነበር።

የሙከራ ጣቢያዋ ከከተማው ወጣ ብላ ከምንጭ ዳር ያለች፣ ሁለት ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት። አንድ ዕቃ ቤት፣ አንዲት የእኔ መኝታ፣ በእሾህ የታጠረ የሣር መደብ፣ አንድ ዘበኛ። ዘበኛው ማንደፍሮ ነበር።

ስድሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ዐይኑ ትንንሽ ሰው ነበር። ደህና አደሩ ሲሉት መልሱን ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ያስባል። ሻይ ሳቀርብለት እኔ ፉት እስክል ይጠብቃል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተመስገን ሲል እሱ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ አመስግኖ አይደለም፤ ምን አስቦ እንደመጣ ለማወቅ ነው። በዚህ ጠባዩ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣ ገበሬ ሁሉ ግን ሲያየው ከመንገድ ወረድ ብሎ እጅ ይነሳዋል። አንድ ተራ ዘበኛ ይህን ያህል የሚከበርበት ምክንያት እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ጠረጠርኩ።

ነገሩን ያስረዳኝ ሰላሕ ነው። ሰላሕ በከተማው ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ የእኔም ብቸኛ ወዳጅ ነበር። ማንደፍሮ ለካ ከዘበኝነቱ በፊት ዘር ቆጣሪ ኖሯል። ከየካቲት 67ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በዚያ አገር ሰው መሬት የሚጠይቀው በትውልዱ ነበር። እገሌ መሬቱን መጀመሪያ አቀና፤ እገሌን ወለደ፤ እሱም እገሊትን ወለደ፤ እኔ የሷ የልጅ ልጅ ነኝና ድርሻዬን ስጡኝ ይላል። ባላጋራው ደግሞ ያቺ ሴት ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው ይላል። ይኼኔ ማንደፍሮ ይጠራል። ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በጆሮው የገባ የትውልድ ቆጠራ አይወጣም። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጠይቁት ሳያዛንፍ ይደግመዋል።

«የሱ ሙያ መሸምደዱ እንዳይመስልህ» አለኝ ሰላሕ። «ውሸቱን መያዙ ነው። ሰው የሐሰት አባት ሊጠራ ሲል መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል ይል ነበር። ያን ጊዜ ነው የሚይዘው።»

«ታዲያ ይህን ያህል አዋቂ ከሆነ ለራሱ ስንት ጋሻ አስፈረደ?»

«አንዲት ትልም አላስፈረደም። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲሟገት ኖሮ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር።»

ይህም አጠራጠረኝ። እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ ካልጠየቀ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አዋጁ ከመጣ በኋላ ደግሞ ዘር መቁጠር ራሱ የፊውዳል ርዝራዥነት ተብሎ የሚያስጠይቅ ሆነ። ማንደፍሮም አፉን ያዘና ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

አሁን ሥራዬን ላስረዳ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና።

የፈረንጅ ሣር የምንለው ቅጠሉ ለስላሳ ነው፤ ላም ስትግጠው ወተቷ ይጨምራል። ግን በሽታ አለበት። ክረምቱ ሲወጣ ቅጠሉ ላይ ቀይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ በሳምንት ውስጥ ማሳው ሁሉ ይደርቃል። ገበሬው በሽታውን ዋግ ይለዋል፤ የአገሩም ስም ዋግ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ እዚህ ዝገት እለዋለሁ። ከላይ ከውርጩ አገር የሚበቅለው ጓሳ ደግሞ የዚሁ ሣር ዘመድ ነው። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ ነው፤ ከብት ካልቸገረው አይነካውም። ዝገትም አይነካውም። የእኔ ሥራ የጓሳውን ጤና ወደ ለስላሳው ሣር ማሻገር ነበር።

የፈረንጁ ሣር ሊያብብ ሲል በማለዳ ተነስቼ አበባውን አንድ በአንድ እከፍትና ወንዴውን በወረንጦ እለቅመዋለሁ፤ ከራሱ እንዳያረግዝ ነው። ከዚያ ዛላውን በወረቀት ከረጢት እሸፍናለሁ። የጓሳው የአበባ ብናኝ ሲደርስ ከረጢቱን ገልጬ አራግፍበትና መልሼ እሸፍናለሁ። ወረቀቱን ከሰላሕ ነበር የማመጣው፤ ስኳር የሚጠቀልልበት ነው። «ስኳሩን ትቶ ወረቀቱን የሚገዛ ካንተ በቀር አላየሁም» ይለኝ ነበር።

የተወለደችው ልጅ ከሁለቱም ትወስዳለች፤ ቅጠሏ ግማሹ ገመድ ነው። ስለዚህ እሷን ወደ እናቷ ወገን መልሶ መዳር ያስፈልጋል። ልጇንም እንደገና፣ የልጅ ልጇንም እንደገና። በየትውልዱ ዝገቱን በውሃ በጥብጬ እረጭባቸዋለሁ፤ የታመመችው ትነቀላለች፣ ያልታመመችው ትቀራለች። ማንደፍሮ በሽታ ስረጭ ባየኝ ቀን የያዘውን ዱላ መሬት አስደግፎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም በመዝገብ እጽፋለሁ። ቁጥር ብቻ ሲሆን ስለሚምታታብኝ ለዋነኞቹ የሰው ስም አወጣሁላቸው። ይህ የእኔ ሞኝነት ነው። የመጀመሪያዋ እናት በጊዮርጊስ ዕለት ስለበቀለች ወለተጊዮርጊስ አልኳት። ጓሳው በገበያ ቀን በበቅሎ ተጭኖ ስለመጣ ገበያው ተባለ። የሁለቱ ልጅ ወርቅአገኘሁ ሆነች። ከወለተጊዮርጊስ ጋር ከአንድ የዘር ፖስታ የወጣውን ወንድሟን ደግሞ አሥራተ ማርያም አልኩት። የቀሩት ልጅ አሥራ ሁለት፣ ልጅ ሃያ እየተባሉ ይቀጥላሉ። መዝገቡ ላይ «ወርቅአገኘሁ፤ እናቷ ወለተጊዮርጊስ፤ አባቷ ገበያው» ተብሎ ተጽፏል። ጤነኛ ሰው አንብቦት ስለ ሣር ነው እንደማይል ያኔ አልታየኝም።

በ1972 ዓ.ም. የክረምቱ መውጫ ላይ አንድ ነገር ሠራሁ። ልጅ ሃያ አንዲት ዛላ ብቻ ነበረቻት፤ የቀረውን ዋልካው የያዘው ውሃ አበስብሶባታል። የያቺን ዛላ ወንዴ ለቅሜ ሸፍኜ አደርኩ። በማለዳ ስመጣ ነፋስ ከረጢቱን አውልቆ መሬት ላይ ጥሎታል። መቼ እንደወደቀ አይታወቅም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ነፋስ የማንን ብናኝ እንዳመጣባት ስለማይታወቅ ዛላዋ ተቆርጣ ትጣላለች። እኔ ግን አምስት ዓመት የለፋሁባት ናትና እጄ እንቢ አለኝ። ግራና ቀኝ አየሁ። ሰው የለም። ከረጢቱን አንስቼ አጠለቅሁላት፤ የአሥራተ ማርያምን ብናኝ ከላይ ጨመርኩ። አራት ፍሬ ሰጠች። አንደኛዋ ፍሬ ልጅ ሠላሳ አንድ ሆነች። «አባቷ አሥራተ ማርያም» ብዬ ጻፍኩ።

በተከታዩ ክረምት ዝገቱ መደቡን ሁሉ ሲያቀላው ሠላሳ አንድ አረንጓዴ ሆና ቀረች። አንድ ነጠብጣብ እንኳ የለባትም። ቅጠሏም እንደ ወለተጊዮርጊስ ለስላሳ ነው። ለበላዮቼ ጻፍኩ፤ የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ፤ ሙሉ ትውልዷ ተጽፎ እንዲላክላቸውም ጠየቁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን መዝገቡን በገለጥኩ ቁጥር ያቺ መስመር ትወጋኝ ነበር።

ከከረጢቱ ቀን ወዲህ ማንደፍሮ ይባሱን አልለቅ አለኝ። ወደ መደቡ ስወርድ ከኋላዬ ነው፤ ስጽፍ ከበሩ ላይ ቆሞ ነው። አንድ ቀን «ጎጃሜ፣ ጻፍከው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የጻፍከውን።»

መዝገቡን ትራሴ ሥር ማኖር አቆምኩና በጤፍ ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ስቀብር አየኝ መሰለኝ። እሱ እኔ ስደብቅ እያየ ይጠረጥራል፤ እኔ እሱ ሲጠረጥር እያየሁ እደብቃለሁ። እንዲህ እየተጠባበቅን ዓመቱ አለቀ።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምንዋጋው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ገና ሰላም ሳይለኝ «ጤፉ ውስጥ ያለውን መዝገብ አውጣ» አለኝ። ጤፉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንደፍሮ ከአጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ ሳየው ዐይኑን አላሸሸም። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

የምፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከወር በፊት አንድ አስተማሪ ለጥቂት ጥያቄ ተብሎ ወደ ከተማ ተወስዶ ነበር። ለሚስቱ የመለሱላት ካፖርቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ፍርድ ሸንጎው ተቀመጠ። ሕዝቡ ዙሪያውን መሬት ላይ ነው። ምንዋጋው ተነስቶ ክሱን ተናገረ። በሣር አሳቦ የድሮ ባለርስቶችን ትውልድ ይመዘግባል፤ ቀን ሲመጣ መሬቱን ሊያስመልስላቸው ነው፤ ስለዚህ ለከተማው ተላልፎ ይሰጥ አለ።

«ጓዶች፣ የተጻፈው የሣር ትውልድ ነው» አልኩ።

«ወለተጊዮርጊስ ሣር ናት?»

«አዎ።»

«አሥራተ ማርያምስ?»

«እሱም ሣር ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። ምንዋጋው ግን አልሳቀም።

«ይህ የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ የትኛውን መሬት እንደሚያመለክት የሚያውቅ ሰው ይቅረብ» አለ። ማንም አልተነሳም። ዘር መቁጠር አውቃለሁ ብሎ በሸንጎ ፊት የሚቆም ሰው ከየት ይገኛል? ማንደፍሮ ግን ዱላውን ተመርኩዞ ተነሳ።

«ያመለከትኩት እኔ ነኝ፤ የምሰማውም እኔ ነኝ» አለ። «ኸመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡልኝ። ቀስ ብላችሁ፤ አንዴ ብቻ።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ገብረ አምላክ ማንበብ ጀመረ። ማንደፍሮ ቁጢጥ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይቆጥራል፤ በዱላው ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር ያሰምራል፤ አንዱን መስመር ከሌላው ያገናኛል። እኔ የማስበው አንዲት ነገር ብቻ ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ይህ ሰው ውሸቱን ከያዘው መዝገቡ ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ መዝገቡ ውሸት ከሆነ እኔም አልተርፍም።

ገብረ አምላክ ደረሰባት። «ልጅ ሠላሳ አንድ፤ እናቷ ልጅ ሃያ፤ አባቷ አሥራተ ማርያም።»

ዱላው ቆመ። ማንደፍሮ ዐይኑን ገለጠ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«እናቷን ሰማሁ። አባቷን ድገመው።»

«አባቷ፣ አሥራተ ማርያም።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ሳላስበው ግራና ቀኝ አየሁ። ያን ያደረግሁበት ትዝታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሱ ግን መልሶ ዐይኑን ጨፈነና «ቀጥል» አለ።

ንባቡ ሲያልቅ ማንደፍሮ መሬት ላይ ያሰመረውን ለጥቂት ጊዜ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ጎበዝ፣ ይኸ አሥራተ ማርያም የተባለ የወለተጊዮርጊስ ወንድም ነው ተብሏል» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «የእህቱን ልጅ ወርቅአገኘሁን አገባ። ልጅ አሥራ ሁለትን ወለደ። አሥራ ሁለትን ራሷን አገባ። ልጅ ሃያን ወለደ። ሃያንም አገባ።»

ሴቶቹ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ እንትፍ አለ።

«እናንተ ታውቁኛላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ዘር ሰምቻለሁ። ሐሰተኛ ነውሩን ይደብቃል፤ የሞተውን ያስወልዳል፤ ደሀውን ባላባት ያደርጋል። አያቴ ልጁን አገባ፣ ኸዚያ የልጅ ልጁን አገባ፣ ስለዚህ መሬት ስጡኝ ብሎ ሸንጎ የቆመ ሰው ግን አልሰማሁም። ሰባት ቤት ሳይቆጠር በማይጋቡበት አገር ይኸን ማን ጽፎ በጤፍ ውስጥ ያኖራል? ይኸ ሰው አይዶለም፤ ሣር ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሣር ስም አለው እንዴ?» አለ ምንዋጋው።

«የቀኝ በሬህ ስሙ ማን ነው?»

ከኋላ አንዱ «ዳልቻ!» ብሎ ጮኸና ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ተለቀቅሁ። መዝገቡም በየገጹ የማኅበሩ ማኅተም ተመቶበት ተመለሰልኝ። ምንዋጋው ግን የተሳቀበትን በዋዛ የሚተው ሰው አልነበረም።

«ጓድ ማንደፍሮ፣ ዘር መቁጠር ከቀረ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባተኛው ነው።»

«እስካሁን እንዴት አልረሳኸውም?»

«እርሱት የሚል አዋጅ አልሰማሁም» አለ ማንደፍሮ።

በዚያው አሥራ አምስት ቀን በማኅበሩ ጎተራ አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ምግብ ይዤ ሄድኩ። አገልግሉን ከፍቼ ብሰጠው እጁን ሳይዘረጋ ያየኛል። ገባኝ፤ አንድ ጉርሻ ቀድሜ ጎረስኩ። ከዚያ በላ። ለምን እንዳዳነኝ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ጠባቂው ቆሞ ስለነበር ተውኩት።

በተፈታ ቀን ቤቱ አልሄደም። አቧራውን ሳያራግፍ ቀጥታ ወደ ጣቢያው መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ።

«መዝገቡን አምጣ» አለኝ።

አመጣሁ።

«ሠላሳ አንደኛዋን ፋቅ።»

የማላውቅ ለመምሰል ሞከርኩ። «ምን ሆና?»

«ከረጢቱ ሲወድቅ ኸአጥሩ ኋላ ነበርኩ። ገና ሳይነጋ ነው የወደቀው። አንተ እስክትመጣ ድረስ ነፋሱ ሲንጣት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን እንደምታደርግ ላይህ ነዋ። ግራና ቀኝ አየህ፤ አጠለቅህላት፤ ሄደህ ጻፍክ። በዚያ ዐይን የሚጽፍ ሰው መሬት የሚሰርቅ ነው አልኩ። ሌላ መች አውቃለሁ? ሄጄ ተናገርኩ።»

አፈርኩ። ለካስ ያስከሰሰኝ ማንደፍሮ ብቻ አልነበረም፤ እኔም እጄ ነበረበት። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም።

«እንግዲያው በሸንጎው ለምን ዝም አሉ? ድገመው ያሉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እዚያ የጠየቁኝ ሰው ነው ወይስ ሣር ብለው ነው። ለሣር አባት ሰው አላስገድልም።» መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ። «ሐሰተኛ አባት ሰምቼ ዝም ስል ግን ያች የመጀመሪያዬ ናት። አሥራ አምስቱን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፋቃት።»

«አባ ማንደፍሮ፣ የምስጋና ደብዳቤ የመጣው በሷ ነው። አባቷ ካልታወቀ አይቀበሉኝም። የስድስት ዓመት ልፋት ነው።»

ጋቢውን ሰብስቦ ስለ ራሱ አወራኝ። ጠይቄው ሳይሆን እንዲሁ ነው ያወራኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለ ራሱ አውርቶ አያውቅም።

«እናቴ ኸአበርገሌ በክፉ ቀን እኔን አርግዛ የወጣች ናት። እዚህ ወለደችኝ። የዚህን አገር የአንድ ሰው ስም አባት ብላ ሰጠችኝ፤ ሞቶ ስለነበር የሚክዳት የለም ብላ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በዚያ ስም ድርሻ ልጠይቅ ሸንጎ ቆምኩ። የሰውየው ልጆች ሳቁብኝ። ሸንጎው ሁሉ ሳቀ። እናቴ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ባትሰጠኝ ኖሮ አባት የለውም ይሉኝ ነበር፤ በዚህ ማንም አይስቅም፤ ብዙ ሰው አባት የለውም። ስለ ሰጠችኝ ነው የተሳቀባት።»

ሠላሳ ዓመት ለሰው ተሟግቶ ለራሱ ያልጠየቀበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ስጠረጥረው የኖርኩት ነገር ይህ ነበር። ብዕሬን አወጣሁና «አሥራተ ማርያም» የሚለውን ሰርዤ ከጎኑ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም።

ይህች ስርዝ ያስከፈለችኝን እዚሁ ልናገር። ለበላዮቼ እውነቱን ጻፍኩ። ከአምስት ወር በኋላ ትውልዱ ያልተረጋገጠ ዕፅ ለሙከራ አይወሰድም የሚል አጭር መልስ መጣ። በተከታዩ ዓመት ጣቢያዋ በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋች፤ እኔም ተዛወርኩ። ሠላሳ አንድን ማንም አልመዘገባትም። ከመሄዴ በፊት ከሥሯ ገንጥዬ ለማንደፍሮ ሰጠሁት፤ ከቤቱ ጀርባ ከውሃው ዳር ተከላት። ብዙ ጊዜ ተናድጄበታለሁ። ዛሬም አንዳንዴ እናደዳለሁ።

ያን ቀን ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ማንደፍሮ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ መዝገቡን ከእጄ ወሰደና ብብቱ ሥር ከተተው።

«ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ሌላ ሰው ያንብብልኝ። አንተ ምን እንደጻፍክ በምን አውቃለሁ?»

ተከትዬው ሄድኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ገበያውን አቋርጠን ሰላሕ ሱቅ ደረስን። ሰላሕ የሚመዝነውን ጨው አስቀምጦ መነጽሩን አደረገ። ማንደፍሮ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ፤ እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ሰላሕን በዐይኔ እንዳልጠቅሰው ነው።

«ሠላሳ አንደኛዋን» አለው።

ሰላሕ ገጹን ፈልጎ አነበበ። «ልጅ ሠላሳ አንድ። እናቷ ልጅ ሃያ። አባቷ አልታወቀም።»

ማንደፍሮ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ኸሱ ቀጥሎስ? የስድብ ነገር አለበት?»

«ኧረ ስድብ የለበትም» አለ ሰላሕ ግራ ተጋብቶ። «ቅጠሏ ለስላሳ ነው፤ ዝገት አልነካትም ነው የሚለው።»

ማንደፍሮ ዐይኑን ጨፈነ።

«እሱን ድገመው» አለ።

ሰላሕም ደገመለት።